መመሪያ የሌለውን አሮጌ የእንጨት ምድጃ ማደስና በደህና መትከል

አሮጌ የብረት ምድጃ ላይ በዓይን የሚታየው ጉዳት አብዛኛው ይጠገናል። ዝገት ይፋቃል፣ የተሰበረ ጡብ ይቀየራል፣ የጠቆረ መስታወት ይጸዳል። ከባዱ የማይታየው ነው። ምድጃው ከግድግዳ ስንት ይራቅ? ቱቦው ምን ያህል ይስፋ? ከሥሩ ምን ይነጠፍ? እነዚህን የሚመልሰው መመሪያው ነው። መመሪያው ደግሞ ምድጃው ሁለት ሦስት ቤት ከዞረ በኋላ የት እንደገባ የሚያውቅ አይገኝም።

እኔ ያደስኩት ምድጃ ዕቃ ቤት ጥግ ለዓመታት ተረስቶ የቆየ ነው። ከጊዛ፣ ማለትም ቀልጦ በቅርጽ ከፈሰሰ ብረት የተሠራ ሲሆን በሩ ባለ መስታወት ነው። ሞዴሉን የሚናገር ወረቀት የለውም፤ የቀድሞ ባለቤቱም አያስታውሱም። ዝገቱን ማስለቀቅ ጉልበት ይጠይቃል እንጂ ብዙ አያስጨንቅም። ያስጨነቀኝ ልኬቱ ነው። ስለዚህ ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምለው ይሄንን ነው፦ ምድጃው ራሱ የሚነግራችሁን በደንብ አንብቡ። የማይነግራችሁን ደግሞ በግምት አትሙሉት፤ ማንነቱ ለማይታወቅ ምድጃ የወጣውን ጠበቅ ያለ ደንብ ተከተሉ። ቦታ ይበላል፣ ወጪም ይጨምራል። ቢሆንም እሳቱ የሚነደው የምትተኙበት ቤት ውስጥ ነው።

መጀመሪያ ማንነቱን ፈልጉ

ብዙ ምድጃ ላይ ትንሽ የብረት ሰሌዳ አለ። ከጀርባው፣ ከሥሩ፣ ከጎኑ ወይም ከአመድ መሳቢያው በር ውስጠኛ በኩል ሊሆን ይችላል። በጥቀርሻና በቀለም ስለሚሸፈን በእጅ እየዳሰሳችሁ ፈልጉት። ስታገኙት በሽቦ ብሩሽ አትፈትጉት፤ ፊደሉ አብሮ ይሄዳል። በእርጥብ ጨርቅና በትንሽ ሳሙና አለስልሳችሁ አጽዱት። ጽሑፉ ከተበላ ስስ ወረቀት ደርባችሁ እርሳስ በአግድሙ እሹበት። በዓይን የማይነበበው ፊደል ወረቀቱ ላይ ይወጣል።

ሰሌዳው ላይ ከሁሉ በፊት የምትፈልጉት ምድጃው ከኋላ፣ ከጎንና ከጥግ ሊቃጠል ከሚችል ነገር የሚርቅበትን ልክ ነው። የፈተሸው ላብራቶሪ ምልክት፣ ለምሳሌ የዩኤል፣ ካለበት ያ ቁጥር በሙከራ የተገኘ ነው። እሱን ያዙ። አሜሪካ ውስጥ ለእንጨት ምድጃ የጭስ ደረጃ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1988 ነው። አውሮፓ ይሠራበት የነበረው ኢኤን 13240 የሚባለው ደረጃ ደግሞ እ.ኤ.አ. የ2001 ነው። ከዚያ በፊት የተሠራ ምድጃ ላይ እንዲህ ያለ ምልክት ብታጡ አይግረማችሁ።

ሰሌዳ ከሌለ ክፍሎቹን አገላብጣችሁ እዩ። ጊዛ ሲፈስ ቁጥርና ፊደል አብሮ ይቀረጽበታል፤ በተለይ ከበሩ ጀርባ፣ ከፍርግርጉ ሥርና ከላይኛው ክዳን ውስጥ። መለዋወጫ የሚሸጡ ሰዎች ምድጃውን የሚለዩት ብዙ ጊዜ በዚህ ቁጥር ነው። ምድጃው ለእንጨት ይሁን ለድንጋይ ከሰል የተሠራ መሆኑንም ከፍርግርጉ መገመት ይቻላል። ድንጋይ ከሰል አየር ከሥሩ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ክፍተቱ ሰፊ የሆነ ፍርግርግና ከሥሩ የአመድ መሳቢያ ይኖረዋል። እንጨት ግን በአመድ ላይ ተኝቶ አየር ከላይ ሲያገኝ ነው ደህና የሚነደው።

ጨለማ ክፍልና አንድ የእጅ ባትሪ

አንዲት ብሎን ከመፍታታችሁ በፊት ይሄን አድርጉ። ምድጃውን ጨለማ ክፍል ውስጥ አስገቡት፤ ካልተቻለ እስኪመሽ ጠብቁ። ኃይለኛ የእጅ ባትሪ አብርታችሁ ውስጡ አስቀምጡና በሩንና የአየር ማስገቢያዎቹን ዝጉ። ከዚያ ዙሩት፤ ተንበርክካችሁም እዩ።

ብርሃኑ በበሩ ዙሪያ ከወጣ ጋስኬቱ፣ ማለትም በሩን ዙሪያውን የሚያሽገው ገመድ፣ አልቋል ማለት ነው። ቀላል ነው። ሁለት ብረት ከሚገጥምበት መስመር ከወጣ በመሀሉ ያለው የምድጃ ሲሚንቶ ረግፏል። ይሄም ይሠራል። ከብረቱ መሀል ቀጭን ጭረት ሆኖ ከወጣ ግን ስንጥቅ ነው፤ እዚያ ላይ ቆም ብላችሁ አስቡ።

የኔው ምድጃ የበር ፍሬም ላይ አንድ የሚያጠራጥር መስመር ነበር። ስንጥቅ ይሁን ሲፈስ የቀረ የቅርጽ ምልክት መለየት አልተቻለም። ጊዛ መበየድ የሚያውቁ አንድ አንጋፋ በያጅ ዘንድ ወሰድኩት። «ጋሼ፣ ይሄ ተሰንጥቋል?» አልኳቸው። መልስ አልሰጡኝም። ቦታውን በሽቦ ብሩሽ አጸዱት፤ ነጭ ጋዝ በነካ ጨርቅ አራሱት፤ ጥቂት ጠብቀው በደረቅ ጨርቅ እስኪደርቅ ጠረጉት። ከዚያ ጠመኔ ወስደው ላዩን ነጭ እስኪሆን ቀቡት። ሁለታችንም አጎንብሰን ጠበቅን። ነጩ ላይ ፀጉር የምታህል ጥቁር መስመር ቀስ እያለች ወጣች። ከብሎኑ ቀዳዳ ተነስታ ወደ ማጠፊያው ሄደችና መሀል ላይ ቆመች። ስንጥቁ ውስጥ የገባው ጋዝ ነው ወደ ጠመኔው የተመለሰው። «ይኸውልህ ልጄ፣» አሉ፣ «የት እንደጀመረ የት እንደቆመ ራሱ ነገረህ። ፍሬሙ ላይ ስለሆነ ይሠራል። እሳት ቤቱ ላይ ቢሆን ግን መልሰህ ውሰደው እልህ ነበር።»

ይሄ ሙከራ ማንም ሊያደርገው ይችላል። እሳትና ብልጭታ በሌለበት፣ አየር በሚገባበት ቦታ ይሁን እንጂ። ብየዳውን ግን ለባለሙያ ተዉት። ጊዛ በተራ ብየዳ አይያዝም። መጀመሪያ ይሞቃል፣ ኒኬል ባለው ኤሌክትሮድ ይበየዳል፣ ከዚያ ቀስ ብሎ እንዲበርድ ይደረጋል። በፍጥነት ከበረደ ከብየዳው አጠገብ አዲስ ስንጥቅ ያወጣል። እሳት የሚነድበት ሣጥን ራሱ ከተሰነጠቀ፣ ሆዱ ወደ ውጭ ከተነፋ ወይም ብረቱ ተበልቶ በወሮ ሲነካ የሚበሳ ከሆነ ምድጃውን አታንዱት። ምንም ያህል ቆንጆ ቢሆን ጌጥ ይሁን። የምድጃ ሲሚንቶ መገጣጠሚያ ይደፍናል እንጂ የተሰነጠቀ ብረት አይሸከምም።

መፍታት

የጊዛ ምድጃ ከ100 እስከ 200 ኪሎ ሊመዝን ይችላል። በሩን፣ ጡቦቹንና ክዳኑን አስቀድማችሁ ብታወጡ በጣም ይቀላል። እያንዳንዱን ክፍል ከማውጣታችሁ በፊት ፎቶ አንሱ። እኔ የእያንዳንዱን ብሎን፣ ጡብና ገመድ መጠን ደብተር ላይ እየጻፍኩ ነው የፈታሁት። አሁን ምድጃው ያለው መመሪያ ያ ደብተር ነው፤ ለሚቀጥለው ባለቤትም አብሮ ይሄዳል።

የዛገ ብሎን ላይ ጉልበት አትጠቀሙ። ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ንፉበትና አሳድሩት። በማግስቱ ራሱን በመዶሻ ለስለስ አድርጋችሁ ምቱት። መጀመሪያ ትንሽ ወደ ማጥበቂያው፣ ከዚያ ወደ መፍቻው አዙሩት። እምቢ ካለ የብሎኑን ራስ ቁረጡና ቀሪውን በድሪል አውጡት። ብሎን ርካሽ ነው፤ የተሰበረ የጊዛ ጆሮ ግን አይገኝም። ስትመልሱ ሙቀት የሚችል የመዳብ ግሪስ ቀቡት። ዚንክ የተቀባ ብሎንም ሆነ ቱቦ አታስገቡ፤ ዚንክ ሲግል የሚመርዝ ጭስ ያወጣል።

ወደ ዝገቱ ከመሄዳችን በፊት ግን ስለ አስቤስቶስ፣ ማለትም ሙቀት ስለሚችል ይሠራበት ስለነበረው፣ ብናኙ ሲተነፈስ ሳንባ ስለሚጎዳው ቃጫ መሳይ ማዕድን፣ መናገር አለብኝ፤ ከዚህ ሁሉ ሥራ ሳትነኩት ጤናችሁን ሊነካ የሚችለው እሱ ነው። በድሮ ምድጃዎች የበር ገመድ፣ በመገጣጠሚያ ሲሚንቶና ከምድጃ ጀርባ በሚለጠፍ ሰሌዳ ውስጥ አስቤስቶስ ይደረግ ነበር። ነጣ ያለ ወይም ግራጫ፣ ቃጫ ቃጫ የሚል ነገር ነው። ዛሬ የሚሸጠው የፋይበር ግላስ ገመድም ሲያረጅ ያንኑ ስለሚመስል በዓይን መለየት አይቻልም። የሚለየው ላብራቶሪ ነው። እኔ የበሩን ገመድ ከመንካቴ በፊት ናሙናውን አስመርምሬያለሁ፤ ነፃ ነው የሚል ውጤት እስኪመጣ ድረስም ምድጃው በፕላስቲክ ተሸፍኖ ቆየ። ምርመራ የማይገኝ ከሆነ አስቤስቶስ ነው ብላችሁ ቁጠሩት። በደረቁ አትፋቁት፣ በብሩሽ አትንኩት፣ በቤት መጥረጊያ ማሽንም አትሳቡት። ማሽኑ ደቃቁን ብናኝ መልሶ ክፍሉ ውስጥ ይበትነዋል። እንዲህ ያለውን የሚያነሳ ባለሙያ አለ፤ ለእሱ ስጡት። አሮጌ ቀለም ውስጥም እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ሊኖር ስለሚችል ሲፋቅ ጥንቃቄው ያው ነው።

ዝገት፣ ቀለም፣ ጡብ፣ ገመድ

ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ፣ ቀጥሎ በብርጭቆ ወረቀት አስለቅቁ። ድሪል ላይ የሚገጠም የሽቦ ብሩሽ ሥራውን ያፈጥናል፤ ሽቦው እየተነቀለ ስለሚወነጨፍ ግን መነጽር ግዴታ ነው። ደህና ማስክና ጓንትም ያስፈልጋል። ሥራውን ውጭ ሥሩ። በውሃ ካጠባችሁት ወዲያው አድርቁት፤ ራቁቱን የቀረ ብረት በሰዓታት ውስጥ መልሶ ይዝጋል። ስትጨርሱ በአልኮል ጥረጉትና ያንኑ ቀን ቀቡት።

ቀለሙ እስከ 650 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚችል የምድጃ ቀለም ይሁን። ሁለት ስስ ቅብ ከአንድ ወፍራም ቅብ ይሻላል። እሳት የሚነድበትን ውስጡን አትቀቡ።

በውስጥ የሚደረደሩት ጡቦች ተራ የግንብ ጡብ አይደሉም። እሳት እንዲችሉ ሆነው የተሠሩ ናቸው። የተለመደው መጠን 23 በ11.5 ሴንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ ወደ 3 ሴንቲ ሜትር ነው። ጡቡ ስስ ስንጥቅ ቢኖረውም ቦታው ላይ ከተቀመጠ ሥራውን ይሠራል። ከፈረፈረ ወይም ብረቱን ካጋለጠ ይቀየር። ጡቡ ብረቱን ከቀጥታ እሳት ይከልላል፤ እሳቱንም ስለሚያግለው ጭሱ ይቀንሳል።

ከአሮጌ ምድጃ ብዙ ጊዜ የሚጠፋው ክፍል ከእሳቱ በላይ ጋደም ብሎ የሚቀመጠው የነበልባል መከለያ ነው። ብዙ ሰው መጥፋቱን እንኳ አያውቅም፤ ምክንያቱም ያለ እሱም ምድጃው ይነዳል። ግን ነበልባሉ በቀጥታ ወደ ቱቦው ይወጣል፤ ቱቦው ይግላል፣ እንጨቱ ያልቃል፣ ቤቱ አይሞቅም። ግራና ቀኝ የሚያርፍበት ከንፈር ወይም ድጋፍ ካያችሁ መከለያ ነበረው ማለት ነው። ከ6 ሚሊ ሜትር ብረት ማሠራት ይቻላል። የምትተዉት ክፍተት ስፋት ግን ከቱቦው አፍ ማነስ የለበትም። ለምሳሌ 15 ሴንቲ ሜትር ዲያሜትር ያለው ቱቦ አፉ ወደ 177 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው። የምድጃው ወርድ 40 ሴንቲ ሜትር ከሆነ መከለያው ፊት ለፊት ቢያንስ 4.5 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ይተው። ከዚያ ካነሰ በር በከፈታችሁ ቁጥር ጭሱ ወደ ክፍሉ ይመለሳል።

የበሩ መስታወት ከተሰበረ ተራ መስታወት ወይም የመኪና ዓይነት ጠንካራ መስታወት አታስገቡ። ሙቀቱን አይችልም፤ ይፈነዳል። የሚያስፈልገው የሴራሚክ መስታወት ነው። ዙሪያውን ስስ ጋስኬት ይደረግለት። ሲግል የሚሰፋበት ጥቂት ሚሊ ሜትር ክፍተት ይተውለት። ብሎኑም ያዝ እስኪያደርገው ብቻ ይጥበቅ።

ለበሩ ገመድ የድሮውን ውፍረት ብቻ አትመኑ፤ ተጠቅጥቆ ቀጥኖ ይሆናል። የቦዩን ወርድና ጥልቀት ለክታችሁ ግዙ። ገመዱን ስታስገቡ አትወጥሩት፤ ከተወጠረ ይቀጥናል። ሙጫው ደርቆ በሩ ሲገጠም ወረቀት መሀል አስገብታችሁ ዝጉና ጎትቱ። ወረቀቱ እየተያዘ ከመጣ ደህና ነው። እንደ ልብ ከወጣ እዚያ ጋ አየር ይገባል። ይሄን በበሩ ዙሪያ ሁሉ ሞክሩት። የአየር መቆጣጠሪያውም በቀላሉ የሚከፈትና ጥብቅ ብሎ የሚዘጋ መሆን አለበት። እሳት ከልክ ሲያልፍ የምትይዙበት ፍሬን እሱ ነው፤ በሩ አየር ካፈሰሰ ግን ፍሬኑ አይዝም።

ርቀት

እንጨት እሳት ሳይነካው ሊቀጣጠል ይችላል። አዲስ እንጨት የሚቀጣጠለው ወደ 250 ዲግሪ አካባቢ ነው። ለወራትና ለዓመታት በሙቀት ሲጠበስ የኖረ እንጨት ግን ውስጡ እየከሰለ ይሄድና ከዚያ በጣም ባነሰ ሙቀት ሊነሳ ይችላል። ስለዚህ «አምስት ዓመት እዚሁ ነው፣ ምንም አልሆነም» የሚለው ማስረጃ አይደለም። ዓመት በጨመረ ቁጥር አደጋውም እየጨመረ ሊሆን ይችላል።

ሰሜን አሜሪካ ውስጥ የሚሠራበት ኤንኤፍፒኤ 211 የሚባለው ደረጃ የላብራቶሪ ምልክት ለሌለው ምድጃ ግልጽ ቁጥር አለው። ሊቃጠል ከሚችል ማንኛውም ነገር 91 ሴንቲ ሜትር ይራቅ ይላል። ነጠላ ላሜራ የሆነው የጭስ ቱቦ ደግሞ 46 ሴንቲ ሜትር። እኔ የያዝኩት ይሄንን ነው። የምትኖሩበት አገር ሌላ ደንብ ካለው እሱ ይቅደም፤ ሁለቱ ከተለያዩ ግን እኔ ብሆን የሚያርቀውን እወስዳለሁ።

91 ሴንቲ ሜትር ብዙ ቦታ ነው። ክፍሉ ከጠበበ በመከለያ መቀነስ ይቻላል። 0.6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ላሜራ ከግድግዳው 2.5 ሴንቲ ሜትር ተለይቶ ሲቆም ርቀቱ እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ሊወርድ ይችላል። የሚሠራው ላሜራው ሳይሆን ከኋላው ያለው አየር ነው። የሞቀው አየር ሽቅብ ሲወጣ ቀዝቃዛው ከሥር ይገባል። ስለዚህ ከታችም ከላይም ክፍት ይሁን። ለያይቶ የሚይዘው ነገርም የማይቃጠል ይሁን፤ ከምድጃው ትክክል ጀርባ አይዋል።

ብዙ ሰው የሚታለልበት አንድ ነገር አለ። በእንጨት ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ሴራሚክ ወይም ስስ ድንጋይ «የማይቃጠል ግድግዳ» ይመስላል። አይደለም። ድንጋዩ ሙቀቱን ተቀብሎ ከጀርባው ላለው እንጨት ያስተላልፋል። ጂፕሰም ቦርድም ፊቱ ወረቀት ነው። ርቀቱ የሚለካው ከሴራሚኩ ሳይሆን ከኋላው ካለው እንጨት ነው። መጋረጃ፣ ሶፋ፣ የማገዶ ክምርና የሚደርቅ ልብስም በዚሁ በ91 ሴንቲ ሜትር ሕግ ውስጥ ናቸው።

ወለሉ ሙሉ በሙሉ መሬት ላይ የፈሰሰ ኮንክሪት ከሆነ ብዙ አትጨነቁ። የእንጨት ወለል ከሆነ የማይቃጠል ንጣፍ ያስፈልጋል። ንጣፉ ከምድጃው በሁሉም ጎን 46 ሴንቲ ሜትር ይውጣ። በተለይ ፊት ለፊት በሩ ሲከፈት ፍም ይዘላል። እግሩ ከ5 ሴንቲ ሜትር የሚያንስ ምድጃ እንጨት ወለል ላይ፣ ንጣፍ ቢኖረውም፣ መቆም የለበትም።

የጭስ መንገድ

ቱቦው የምድጃው ሞተር ነው። ምድጃው አየር የሚስበው በቱቦው ውስጥ ያለው ሙቅ ጭስ ወደ ላይ ስለሚወጣ ነው። ቱቦው ከምድጃው አፍ አይነስ። በጣም ከሰፋም ጭሱ ይቀዘቅዛል፣ ይዘገያል፣ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል። የድሮ ክፍት የእሳት ቦታ ያለው ቤት ጭስ ማውጫው ለምድጃ ከመጠን በላይ ሰፊ ስለሚሆን ውስጡ የማይዝግ ብረት ቱቦ ማስገባት ያስፈልጋል።

ከምድጃው እስከ ዋናው ጭስ ማውጫ ያለው ቱቦ አጭርና ቀጥ ያለ ይሁን። ከሁለት በላይ ጎሚቶ አይኑረው። አግድም የሚሄደው በሜትር ቢያንስ 2 ሴንቲ ሜትር ወደ ላይ ይዘንበል። እያንዳንዱ መገጣጠሚያ በሦስት ብሎን ይያዝ። ቱቦዎቹ ሲሰካኩ የጠበበው ጫፍ ወደ ምድጃው፣ ወደ ታች ይዙር። አንዳንዱ ሰው ጭስ እንዳያፈስ ብሎ ይገለብጠዋል። ጭሱ ግን ቱቦው በደንብ ከሳበ በመገጣጠሚያው አይወጣም። የሚወርደው ጥቁር ፈሳሽ ነው፤ ጫፉ ወደ ታች ሲሆን በውስጥ ወርዶ እሳቱ ውስጥ ይቃጠላል፣ ሲገለበጥ ግን ውጭ ላይ ይንጠባጠባል።

ነጠላ ላሜራ ቱቦ ግድግዳ፣ ኮርኒስ ወይም ጣራ ሥር ሰንጥቆ አይለፍ። እዚያ የሚገባው ለዚሁ የተሠራ፣ ሙቀት የማያስተላልፍ ድርብ የጭስ ማውጫ ነው። ከዚህ ሁሉ ሥራ በገንዘብ ውዱ እሱ ነው፤ እኔ ግን ቀለሙን ቀንሼ እሱን እገዛለሁ። ከጣራው በላይ ሲወጣ ቢያንስ 90 ሴንቲ ሜትር ይቁም፤ በ3 ሜትር ዙሪያ ካለው ነገር ሁሉ ደግሞ በ60 ሴንቲ ሜትር ይብለጥ። ካልበለጠ ነፋስ ጭሱን መልሶ ያወርደዋል። አንድ ጭስ ማውጫ ለሁለት ምድጃ አይጋራ።

ጭሱ ከተመለሰ አብሮት የሚመጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ሽታም ቀለምም የለውም። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና መፍዘዝ ያመጣል፤ ቤተሰቡ ሁሉ በአንድ ጊዜ ከታመመ ወዲያው ውጡ። ምድጃው ባለበት ክፍልና መኝታ ቤት አጠገብ ማስጠንቀቂያ መሣሪያ ሳትሰቅሉ አንድ ጭራሮ እንኳ አትለኩሱ። የወጥ ቤት አየር መሳቢያ ቤቱን እየጠባ ጭሱን ወደ ኋላ ሊስበው እንደሚችልም አትርሱ። ምድጃው ለሚያቃጥለው አየር ከውጭ መግቢያ ያስፈልገዋል።

ሁሉም ከቆመ በኋላ ጭስ ማውጫ የሚፈትሽ ባለሙያ ጠርቼ አሳየሁ። የሕንፃ ፈቃድና የቤት መድን ጉዳይ ካለ ከመትከላችሁ በፊት ጠይቁ፤ ውጤቱንም በጽሑፍ ያዙት።

የመጀመሪያው እሳት

ከተቻለ የመጀመሪያውን እሳት ውጭ አንዱት። እኔ ጥቂት ቱቦ ሰክቼ ግቢ ውስጥ ነው ያነደድኩት። ቀለሙ ሲጋገር የሚወጣው ጭስ ዓይን ያቃጥላል። ቤት ውስጥ ከሆነ መስኮት ይከፈት፤ ሕፃናትና አስም ያለባቸው ሰዎች ይውጡ።

መጀመሪያ ስንጥር እንጨት ብቻ። ይብረድ። ቀጥሎ ትንሽ ከፍ ያለ። ይብረድ። ከዚያ ሙሉ እሳት። የምድጃ ሲሚንቶው ውስጥ እርጥበት አለ፤ በአንዴ ከጋለ ይፈነቃቀላል። ጊዛም ድንገተኛ ሙቀት አይወድም።

ቱቦው ላይ የሚለጠፍ ባለ ማግኔት ቴርሞሜትር ግዙ። ከምድጃው 45 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርጋችሁ ለጥፉት። ነጠላ ቱቦ ላይ ከ120 እስከ 240 ዲግሪ ባለው መሀል ከቆየ ደህና ነው። ከዚያ በታች ለረጅም ሰዓት ከቆየ ክሪዮሶት ይጠራቀማል፤ ያ የሚያብረቀርቅ፣ እንደ ሬንጅ የሚለጠፍ ጥቁር ነገር ራሱ ነዳጅ ነው። ሲቀጣጠል ጭስ ማውጫው ውስጥ ያለው ሙቀት ከ1000 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። ቱቦው ሲያገሳና ሲንቀጠቀጥ ከሰማችሁ አየሩን ሁሉ ዝጉ፣ ሰው ሁሉ ይውጣ፣ እሳት አደጋ ጥሩ። በባለሙያ ሳይታይ ዳግመኛ አይነድበትም።

ክሪዮሶትን የሚያመጣው በአብዛኛው እርጥብ ማገዶና የታፈነ እሳት ነው። የእንጨቱ እርጥበት ከ20 በመቶ በታች ይሁን። በመለኪያ ስትለኩ እንጨቱን ፈልጣችሁ አዲሱን ፊት ለኩ፤ ውጩ ሁሌም ደረቅ ይመስላል። ቀለም የተቀባ፣ በኬሚካል የተነከረ እንጨትና ፕላስቲክ አይግባ፤ በኬሚካል የተነከረ አሮጌ እንጨት ውስጥ አርሴኒክ ሊኖር ይችላል። ማታ ሲተኙ እስኪነጋ እንዲቆይ ብሎ አየሩን ዘግቶ ማፈን የተለመደ ነው፤ አታድርጉት። ትንሽ እንጨት፣ ደማቅ እሳት ይሻላል።

አመዱን ስታወጡ ክዳን ባለው የብረት ባልዲ ይሁን። ባልዲው ውጭ፣ የማይቃጠል ነገር ላይ ይቀመጥ። አመድ ውስጥ የተቀበረ ፍም ለቀናት ሊቆይ ስለሚችል «በርዷል» ብላችሁ ካርቶን ውስጥ አትገልብጡት። ለእንጨት ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር አመድ ከሥር ተዉ። ቱቦውን ቢያንስ በዓመት አንዴ አስፈትሹ፤ ጥቀርሻው 3 ሚሊ ሜትር ከደረሰ ዓመቱ እስኪሞላ ሳትጠብቁ አስጠርጉ። ያን ቀን የወረቀቱን ሙከራ በበሩ ላይ ድገሙ፣ የባትሪውንም እንዲሁ። የማስጠንቀቂያ መሣሪያውን ቁልፍ ተጫኑና ድምፁን ስሙ።